የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተራራ ብስክሌትና የነጂው ዕለታዊ ኑሮ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከተራራ ብስክሌት ነጂዎች የደረሱን ናቸው። አንድ ላይ ሳነባቸው በግልጽ የታየኝ፣ አብዛኞቹ ጠያቂዎች ለገጠማቸው ችግር መፍትሔ አድርገው የሚያስቡት አዲስ ዕቃ መግዛትን መሆኑ ነው። በእኔ እምነት ግን ከእነዚህ ችግሮች የሚበዙት፣ በእጅ ያለውን ብስክሌት ከነጂው ሰውነትና ከሚሄድበት መንገድ ጋር በትዕግሥት በማስማማት የሚፈቱ ናቸው። ስለዚህ ግዙ የምለው ግድ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ረጅም ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ክንዴ ደርቆ ፍሬን መያዝ ያቅተኛል። አብረውኝ የሚነዱት ሰዎች የፊት አሞርዛተሩን በተሻለ እንድለውጥ ይመክሩኛል። ጥፋቱ በእርግጥ የአሞርዛተሩ ነው?

መልስ፦ አሞርዛተሩን ለጊዜው ይተዉትና አስቀድመው የእጅዎን አያያዝ ይመልከቱ። ሌሎቹ ጣቶች ደኅና ሆነው ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ብቻ ሲደነዝዙ፣ ብዙውን ጊዜ የተጫነው በትንሿ ጣት በኩል በመዳፍ ግርጌ የሚያልፈው፣ ሐኪሞች አልናር የሚሉት ነርቭ ነው። ነርቩ ጫና የሚበዛበት ደግሞ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ታጥፎ የላይኛው ሰውነት ክብደት በሙሉ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ መስተካከል ያለበት በመጀመሪያ የፍሬን እጀታው አቀማመጥ፣ ቀጥሎም የእርስዎ አቋቋም ነው።

አዲስ ብስክሌት ሲገዛ የፍሬን እጀታው ብዙ ጊዜ ከመያዣው ጋር ተጠግቶ ታስሮ ይመጣል። በዚህ አቀማመጥ ጠቋሚ ጣት የሚያርፈው በእጀታው መሀል ላይ ስለሆነ፣ ነጂው በቂ ኃይል ለማግኘት ሁለተኛና ሦስተኛ ጣት ይጨምራል፤ መሪውን አጥብቀው የሚይዙት ጣቶችም ያንሳሉ፣ ክንድም ቶሎ ይዝላል። በባለ ስድስት ጎን መፍቻ ማሰሪያውን ላላ አድርገው እጀታውን ወደ መሪው መሀል ያስጠጉት፤ ጠቋሚ ጣትዎ በእጀታው ጫፍ ላይ በተፈጥሮ ሲያርፍ ያቁሙ። በፈሳሽ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን በትክክል ሲታሰር አንድ ጣት ይበቃዋል። ቀጥሎ ፔዳሎቹ ላይ ቆመው፣ ክርንዎን ወደ ውጭ ከፍተው፣ ቁልቁለት እንደሚወርዱ ሆነው ጣትዎን በእጀታው ላይ ያሳርፉ፤ ከክርንዎ እስከ ጣትዎ ያለው መስመር ቀጥ ማለት አለበት። አንጓዎ ወደ ኋላ ከተሰበረ እጀታው ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ቀንቷል ማለት ነውና ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብሉት። እጅዎ ትንሽ ከሆነም፣ እጀታውን ወደ መሪው የምታቀርበውን ብሎን ከመጠቀም አይቦዝኑ።

አቋቋምን በተመለከተ፣ ቁልቁለት ላይ ክብደትዎ በእግርዎ ላይ ሊሆን ይገባል። ዳሌዎን ወደ ኋላ ገፋ፣ ጉልበትዎን ለዘብ፣ ተረከዝዎን ዝቅ አድርገው ሲቆሙ፣ እጅዎ ብስክሌቱን ከመምራት በቀር የሚሸከመው ነገር አይኖረውም። ይህን ለመፈተሽ ደኅና በሆነ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ለአፍታ መያዣውን ላላ አድርገው ይሞክሩት፤ ደረትዎ ወደ ፊት ከወደቀ ክብደቱ አሁንም እጅዎ ላይ ነው። በተጨማሪም ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጡ አይያዙት። ረጅሙንና ቀላሉን አያያዝ ትተው፣ መያዝ የሚያስችል መሬት ባለበት ቦታ ላይ በደንብ ይያዙ፣ ከዚያም ይልቀቁ። እጅ የሚያርፈው በእነዚያ የመልቀቂያ ቅጽበቶች ነው፤ ዲስኩም የሚቀዘቅዘው እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ወደ አሞርዛተሩ መምጣት ይቻላል፤ ያም ቢሆን ለመለወጥ ሳይሆን ለመለካት ነው። የጉዞ ልብስዎን፣ ሄልሜትዎንና የውኃ ቦርሳዎን ይዘው በብስክሌቱ ላይ ይቁሙ፤ በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ሌላ ሰው እስከ ታች ገፍቶ ያስጠጋልዎ፤ ሳይዘሉ ቀስ ብለው ይውረዱና ቀለበቷ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች ይለኩ። የፊቱ አሞርዛተር በነጂው ክብደት ብቻ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ የኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል ቢወርድ ጥሩ መነሻ ነው። የ140 ሚሊ ሜትር አሞርዛተር 20 በመቶ ወረደ ማለት 28 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አሥር ሚሊ ሜትር ብቻ ከወረደ አየሩ በዝቷልና የእያንዳንዱን ድንጋይ ምት የሚቀበለው የእርስዎ እጅ ነው። የመመለሻ ፍጥነቱ ከሚገባው በላይ ከዘገየም፣ አሞርዛተሩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ስለሚደርስበት እየወረደና እየጠነከረ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ በአሞርዛተሩ እግር ግርጌ የሚገኘውን ቀይ ቁልፍ ወደ ፈጣኑ አቅጣጫ አንድ አንድ እርከን እያዞሩ ይሞክሩት።

መደንዘዙ ከብስክሌት ከወረዱ በኋላም የሚቆይ፣ በሌሊት የሚቀሰቅስዎ ወይም ዕቃ ከእጅዎ የሚያስጥልዎ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመፍቻ ሳይሆን የሐኪም ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ አይቼ እስከዚያው እሞላለሁ፤ ነገር ግን በድንጋያማ ዳገት ላይ የኋላው ጎማ ይንሸራተታል። ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የውስጥ ጎማው ይበሳል። ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ከእሱ በላይ እንዳይሞሉ የሚያስጠነቅቅ ጣሪያ እንጂ፣ ይህን ያህል ሙሉ የሚል ምክር አይደለም። ጎማ መሬት የሚይዘው የድንጋዩንና የሥሩን ቅርጽ ተከትሎ ሲታጠፍ ነው። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ግን በድንጋዩ ላይ ይነጥራል፤ ለአፍታ አየር ላይ በቆየ ቁጥርም የሚገፋው መሬት ያጣል።

ዝቅ ሲያደርጉት የሚበሳው፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ የውስጥ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ስለሚቆነጠጥ ነው። የተበሳውን ሲያወጡት ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካዩበት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እሾህ የሚተወው አንድ ቀዳዳ ነው። ከዚህ ችግር የሚያወጣው ቱብለስ ማድረግ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ወጪውን ያለማመንታት ከምደግፋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። የውስጥ ጎማ ስለሌለ የሚቆነጠጥ ነገር የለም፤ ትንንሾቹን ቀዳዳዎችም ውስጥ ያለው ደፋኝ ፈሳሽ ይደፍናቸዋል። ቸርኬዎና ጎማዎ ለቱብለስ የተሠሩ መሆናቸውን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ክብደቱ 75 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ስፋቱ ከ2.3 እስከ 2.4 ኢንች የሆነ ቱብለስ ጎማ የሚጠቀም ሰው፣ ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሞልቶ ቢጀምር መልካም ነው። የኋላው ከፍ የሚለው የበለጠ ክብደት ስለሚሸከም ነው። ከዚያ በሚያውቁት አጭር መንገድ ላይ እየተመላለሱ በየጊዜው አንድ አንድ ይቀንሱ። ኩርባ ላይ ጎማው ወደ ጎን ሲታጠፍ ከተሰማዎት፣ ወይም ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ያንን ደረቅ የብረት ድምፅ ከሰሙ፣ አንድ ወይም ሁለት መልሰው ይጨምሩና ቁጥሩን ይጻፉት። ሁለት መለኪያዎች ተመሳሳይ ቁጥር የሚያሳዩበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ዘወትር በአንድ መለኪያ ይጠቀሙ፤ አስፈላጊው ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን በእርስዎ መለኪያ ላይ ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነው።

ደፋኙ ፈሳሽ እንደ አየሩ ሙቀትና ድርቀት ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል። ጎማውን አውጥተው በጆሮዎ አጠገብ ነቅነቅ ሲያደርጉት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ ጊዜው አልፏል። እንዲህም ሆኖ አንድ የውስጥ ጎማና ትንሽ ፓምፕ ከቦርሳዎ አይለዩ፤ በስለታም ድንጋይ የተቀደደን ጎማ ፈሳሹ አይደፍነውም።

ጥያቄ፦ ወድቄ ራሴን መሬት መታሁ፤ እኔ ደኅና ነኝ፣ ሄልሜቴም ስንጥቅ አይታይበትም። መልበሴን ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። ሄልሜቱ ራስዎን ያዳነው በውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ የምቱን ኃይል ስለዋጠልዎ ነው፤ የተጨፈለቀ ፎም ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ጉዳቱ ከላይኛው ሽፋን ሥር ስለሚሆን በዐይን ላይታይ ይችላል። ይህ ግድ ከሆኑት ግዢዎች ዋነኛው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃን መጥላት በሚቀጥሉት ቀናት ከመጣብዎ ብስክሌቱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከብስክሌት የበለጠ የምወደው ጊዜ ማሳለፊያ የለኝም፤ ነገር ግን ሥራና ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ የምነዳው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ረጅም ሰዓት ስለምጠፋ ባለቤቴ ቅር ይለዋል፤ እኔም ደክሜ እመለሳለሁ፣ ችሎታዬም ከዓመት ዓመት አንድ ነው። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ። የሚወዱትን ነገር የተወ ሰው በትርፉ ሰዓት ይበልጥ ደስተኛ ሆኖ ቤት ሲውል አላየሁም። መለወጥ ያለበት የሰዓቱ አከፋፈል ነው።

በሳምንት አንዴ ለአምስት ሰዓት ከመንዳት ይልቅ፣ በሳምንቱ መካከል ሁለት ጊዜ አርባ አርባ አምስት ደቂቃ ነድቶ የዕረፍቱን ቀን ጉዞ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ማሳጠር ሰውነትን ይበልጥ ያጠነክራል። አንደኛውን አጭር ቀን ለዳገት ያውሉት፤ ለአራት ደቂቃ ጠንክረው ወጥተው፣ ለአራት ደቂቃ አርፈው፣ ይህንኑ አራት ጊዜ ይድገሙት። ሌላውን ቀን ለችሎታ ያውሉት፤ ለዚህ ተራራ አያስፈልግም። ከቤት አቅራቢያ ባለ ሜዳ ላይ እግር ሳያወርዱ ቆሞ መቆየትን፣ በጠባብ ቦታ ቀስ ብሎ መዞርን፣ የፊት ጎማን አንሥቶ በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ከፍታ ላይ ማሳረፍን ይለማመዱ። ችሎታዎ ባለበት የቆመው፣ ተራራ ላይ የሚደርሱት ደክመው ስለሆነ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የደከመ ሰው የሚያውቀውን ይደግማል እንጂ አዲስ ነገር አይማርም። ሜዳ ላይ ግን ፍርሃት የለም፣ ልጆችዎም አጠገብዎ ሆነው የራሳቸውን ብስክሌት ሊነዱ ይችላሉ።

የባለቤትዎን ቅሬታ በተመለከተ፣ ቤተሰብን ይበልጥ የሚያስቸግረው የሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን አለመታወቁ ይመስለኛል። የመመለሻ ሰዓትዎን ሲናገሩ ለጎማ መበሳት የሚሆን ግማሽ ሰዓት ጨምረው ይናገሩ፣ ከዚያ በተናገሩበት ሰዓት በር ላይ ይገኙ። የሚሄዱበትን መንገድም ለእሱ ትተው ይሂዱ፤ ይህ ከስምምነትም በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ባለቤትዎም እንዲሁ ለራሱ የሚሆን ቋሚ ሰዓት ይኑረው። ብስክሌቱን የሚያዘጋጁት ደግሞ በጉዞው ጠዋት ሳይሆን ከጉዞው በተመለሱበት ቀን ይሁን፤ የላላውን ብሎንና የሳሳውን የፍሬን ሸራ የሚያስታውሱት ያን ዕለት ነው፤ ጠዋት ላይ የሚባክነው ሰዓትም ለመንዳት ይተርፍልዎታል።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቱን የሚረጭ ቅባት ከቀባሁ ወዲህ የኋላው ፍሬን ይጮኻል፣ የመያዝ ኃይሉም ቀንሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተረጨው ቅባት ዲስኩ ላይ አርፏል፤ ከዲስኩም ወደ ፍሬን ሸራው ገብቷል። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል በደንብ ይጥረጉት። ሸራው ግን ቅባትን ወደ ውስጡ ስለሚስብ ማጠብም ሆነ በእሳት ማቃጠል እምብዛም አይመልሰውምና ይለውጡት። አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ለማላመድ፣ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ወደ እግር ጉዞ ፍጥነት እስኪወርዱ ድረስ ሃያ ጊዜ ያህል አጥብቀው ይያዙ። የፍሬን ዘይት መጨመር ካስፈለገም ፍሬንዎ በዶት ዘይት ወይም በማዕድን ዘይት የሚሠራ መሆኑን እጀታው ላይ ከተጻፈው ያረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ በፍሬኑ ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች አሳብጦ ፍሬኑን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል።

ወደፊት የሚረጨውን ትተው በጠብታ የሚወጣ ቅባት ይጠቀሙ። በእያንዳንዱ የሰንሰለት መገጣጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ አሳርፈው፣ ፔዳሉን ለጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ አዙረው፣ ከዚያ ከላይ የቀረውን በሙሉ በጨርቅ ይጥረጉት። ከውጭ የሚታይ ቅባት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም። አቧራና ቅባት ሲቀላቀሉ ሰንሰለቱን እየሞረዱ ያስረዝሙታል፤ 11 ወይም 12 ማርሽ ያለው ብስክሌት ሰንሰለት 0.5 በመቶ ከረዘመ መለወጥ አለበት፣ አለዚያ ውድ የሆኑትን ጥርሶች ይዞ ይሄዳል። ሲያጥቡም በኃይል የሚረጭ ውኃ ወደ ኩሽኔታዎቹ አያቅኑ፤ ግሪሱን አስወጥቶ ውኃውን በቦታው ያስቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ በምንነዳበት ተራራ እግረኞችና ፈረሰኞችም ይጠቀማሉ፤ በቅርቡ ከአንድ ፈረሰኛ ጋር ተጣላን። ቅድሚያ ያለው ማን ነው?

መልስ፦ የአካባቢው ምልክት ሌላ እስካላለ ድረስ ብስክሌተኛ ለእግረኛም ለፈረሰኛም ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሁለት ብስክሌተኞች ሲገናኙም የሚወርደው ለሚወጣው ያሳልፋል። ፈረስ ሲያጋጥም ከሩቅ ይቁሙ፣ ይውረዱ፣ ድምፅዎን ለስለስ አድርገው ፈረሰኛውን ሰላም ይበሉ። በሄልሜትና በመነጽር ተሸፍኖ ያለ ድምፅ የሚመጣ ነገር ለፈረሱ እንግዳ ነው፤ የሰው ድምፅ ሲሰማ ግን ሰው መሆንዎን ያውቃል። ከኋላ ከመጡ ደግሞ ፈረሰኛው እለፍ እስኪልዎ ድረስ አይለፉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው መንገድ በእንዲህ ያለ ጠብ ስለሚዘጋ ነው። በካሊፎርኒያ የነበሩ ክበቦች እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፉን የተራራ ብስክሌት ማኅበር የመሠረቱት መንገዶች ለብስክሌት እየተዘጉ በመምጣታቸው ነበር። ጭቃም እንዲሁ መንገድ ያዘጋል። ጎማዎ ጥልቅ መስመር እያወጣ ከሆነ ዕለቱን ወደ ጠጠራማ መንገድ ይለውጡ፤ ኩሬ ሲያጋጥምዎም በመሀሉ ይለፉ፣ በዳር በዳሩ የሚሄድ ሰው ቀጭኑን መንገድ እያሰፋ ሣሩን ያጠፋልና።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። ያለኝ ብስክሌት አሮጌና አሞርዛተር የሌለው ነው። በዚህ የተራራ ብስክሌት መጀመር እችላለሁ? የመጀመሪያውንስ የተራራ ብስክሌት ማን ሠራው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ ለመጀመሪያውም መልስ ይሆናል። በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በተባለው አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ከባድ ብስክሌቶች እየሰበሰቡና እየጠገኑ የተራራ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። አሞርዛተር አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1976 ሪፓክ በተባለው ቁልቁለት ውድድር አደረጉ፤ ስሙም የመጣው ፔዳልን ወደ ኋላ በመጫን የሚሠራው የኋላ ፍሬን እስከ ታች ሲደርስ ግሪሱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፣ እንደገና ግሪስ መሙላት ግድ ይሆን ስለነበር ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ ፍሬም ሠራ፤ ጌሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ቶም ሪቺም ሥራውን ወደ ገበያ ካደረሱት መካከል ናቸው። በ1996 ስፖርቱ በአትላንታ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ አዎ፣ በአሮጌው ብስክሌትህ ጀምር፤ አሞርዛተር በሌለው ብስክሌት የተማረ ሰው በጉልበቱና በክርኑ ምትን መዋጥ ያውቃል። ከመውጣትህ በፊት ግን እነዚህን ተመልከት። የፊት ፍሬኑን ይዘህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው፤ በመሪው ሥር የመንኳኳት ስሜት ካለ መሪው ላልቷልና ይጠበቅ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርገህ አሽከርክር፤ ቸርኬው የሚወላገድ ወይም የላላ ሽቦ ያለው ከሆነ ይስተካከል። ሁለቱንም ፍሬኖች በሙሉ ኃይልህ ጨብጥ፤ እጀታው መሪውን ከነካ ብስክሌቱ ለቁልቁለት ገና አልደረሰም። በመጨረሻም ፍሬሙን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ የተበየዱትን መገጣጠሚያዎች፣ በተለይም ከመሪው ሥር ያሉትን፣ በጥሩ ብርሃን መርምር፤ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቆ ካየህ ለአዋቂ መካኒክ ሳታሳይ አትንዳው።